የመንጃ ፈቃዱና የአክስት ጉልበት

የባለታክሲው የቢምረው መንጃ ፈቃድ ሊነጠቅ የዳኛው አንድ ቃል ቀርቶት ነበር። ከአገሩ ርቆ በሚኖርበት በቃታሞኒም ሰፈር መሀል መንገድ ላይ ታክሲውን እየገተረ በመውረድ ስንቴ ተቀጣ! ችሎት የቆመችለት ጠበቃ፣ «ክቡር ዳኛ፣ የሚወርደው ሽማግሌ ሲያይ ነው፤ በአገሩ ከበቅሎ ሳይወርዱ ትልቅ ሰው ሰላም ማለት ነውር ነው» ብትል፣ «ውሸት! ተሳፋሪ ሊሻማ ነው» አሉ ዳኛው።

ይሄኔ አክስቱ እማማ አሰፋሽ አርፍደው፣ ነጠላቸውን እያጣፉ ከች አሉ። ቢምረው የዳኛውን ንግግር አቋርጦ ሮጠና ጉልበታቸውን ሳመ።

«ተመለስ!» ብለው ዳኛው ጮኹ።

«ሌላኛው ጉልበቴስ፣ ልጄ?» አሉ አሮጊቷ። ያንንም ሳመ።

ጠበቃዋ ሳቋን እየዋጠች፣ «ይኸውልዎ፣ እዚህ ደግሞ የቱን ተሳፋሪ ሊሻማ ነው?» አለች።

ዳኛው ሳቁ። «ፈቃዱ ይቆይለት። ከእንግዲህ ግን መጀመሪያ ጥግ ይያዝ!»

ሲተረጎምላቸው እማማ አሰፋሽ፣ «እኔም ጥግ ጥጉን እሄድለታለሁ» ብለው ችሎቱን በእልልታ አቀለጡት።