ሁለተኛው ጉርሻ

ልጇን ገጭቶ የገደለው ሾፌር ከእስር በተፈታ ማግስት፣ ሽማግሌዎች አስቀድሞ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ደጇ ላይ ተንበረከከ።

«እማማ፣ ይማሩኝ።»

«ይቅር ለእግዜር» አለች፣ ፊቱን ሳታይ።

ማዕድ ቀረበ። እርቁ እንዲጸና አጉርሺው አሏት። አጎረሰችው። እያለቀሰ ዋጠ።

«ድገሚው እንጂ፤ አንድ ያጣላል» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

እጇ መሶቡ ላይ ቀረ።

«ያን ቀን ጠዋት ልጄንም አንዴ ብቻ ነው ያጎረስኩት። ‹በሞቴ፣ አንድ ያጣላል› ብዬ ብለምነው፣ ‹ረፈደብኝ፣ ማታ ትደግሚልኛለሽ› ብሎኝ ሮጠ።»

ቀስ ብላ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለች። የሾፌሩን አገጭ በግራ እጇ ቀና አድርጋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አየችው።

«በሞቴ፣ ልጄ» አለችው፤ «አስጠበቅኩህ።»