ባለመሰላሏ

«ዓይንሽን ጨፍኚ፤ እስኪደርቅ እንዳትገልጪው» አለች ሜካፕ ሠሪዋ።

ልጅቷ ጭፍን አደረገች። «ሬዲዮው ግን እንዳይዘጋብኝ። ከዜናው በኋላ እትዬ ይቀርባሉ።»

እትዬ የተባለችው ተዋናይት ለአያት ሚናዋ ሽበት ተቀብታ አጠገቧ ተቀምጣለች። ልጅ ሳለች «ባለመሰላሏ» በሚባለው የቴሌቪዥን ድራማ ላይ መሰላል ተሸክማ እየዞረች፣ ጣሪያ ላይ የቀረ ኳስና ድመት የምታወርደው እሷ ነበረች። ቀይ፣ ጉንጉኗ ወገቧ ላይ የሚደርስ። የዚያን ጊዜ ልጆች ዛሬ ወልደው ከብደውም ታክሲ ውስጥ ሲያገኟት «ባለመሰላሏ» ነው የሚሏት። በስሟ የምትጠራት እናቷ ብቻ ነበረች፤ እሷም አረፈች።

ድራማው እንደገና ሊሠራ ነው ተባለና ጠሯት። የባለመሰላሏን አያት ሁኚ አሏት፤ መሰላሉን ለዚህች ልጅ ሰጡባት። ጥቁር፣ ጸጉሯ ከጆሮዋ የማይወርድ። ያኔ ነው ሆዷ የሻከረው።

ባለፈው ሳምንት ለዛሬው የሬዲዮ ዝግጅት ድምፅዋን የቀዳው ጋዜጠኛ ስለ ልጅቷ ሲጠይቃት ገና በዓይኗ እንኳ አላየቻትም ነበር። «ጎበዝ ናት ሲሉ ሰምቻለሁ» አለች። እዚያ ላይ ብታቆም ምን ነበረበት? «ግን» አለችና ቀድማ ሳቀች፤ «ግን ማታ ጣሪያ ላይ ስትወጣ በምን ልናያት ነው? አብሮ መብራት ካልተገዛላት።» ጋዜጠኛው በሳቅ ፍርስ አለ። እሷም ጨዋታዋ ስለሠመረላት ደስ ብሏት ቤቷ ገባች።

ልጅቷን ያየቻት ዛሬ ጠዋት ነው። ልምምድ ላይ መሰላሉን ስትወጣ ሦስተኛውን እርከን ዘለለችው። አዘጋጁ አስቆማት።

«ምን ሆንሽ? ደህና እርከን እኮ ነው።»

«እትዬ እንደዚህ ነው የሚወጡት» አለች ልጅቷ። «ሁልጊዜ ሦስተኛውን ይዘሉታል።»

እውነቷን ነው። የያኔው መሰላል ሦስተኛ እርከኑ የተሰነጠቀ ነበር፤ አናጺው ዛሬ ነገ እያለ ሳይጠግነው ድራማው አለቀ። ይህን ልብ ያለ ሰው ይኖራል ብላ ተዋናይቷ አስባ አታውቅም። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት።

ዜናው እያለቀ ነው፤ የአየር ሁኔታው ላይ ደርሷል። ተነሥታ ወደ ሬዲዮው ሄደች።

«ራሴን አሞኛል። ትንሽ ልዝጋው?»

«ውይ፣ ይማርዎት እትዬ» አለች ልጅቷ ዓይኗን እንደጨፈነች። «ካመመዎትማ ይዝጉት። እናቴ ትነግረኛለች። ጎረቤቱን ሁሉ ቤት ሰብስባ እየጠበቀች ነው። ‹ባለመሰላሏ ስለ ልጄ ልታወራ ነው› ብላ ወንበር ሳይቀር ተውሳለች።»

የተዋናይቷ እጅ ማጥፊያው ላይ ቀረ። ይህን ብትዘጋው ያንን ማን ይዘጋላታል?

«የኔ ልጅ» አለች።

«አቤት እትዬ።»

ሜካፕ ሠሪዋ ብሩሿን ይዛ ቀና ብላ አየቻት። ተዋናይቷ ሬዲዮውን ሳትዘጋ እጇን ከማጥፊያው አነሣች።

«ሰው አንዳንዴ… ሳያስብ ያወራል» አለች በመጨረሻ።

«እኔም ስፈራ እቀባጥራለሁ» አለች ልጅቷ ልታጽናናት። «እርስዎ ግን ሁልጊዜ ያምርብዎታል።»

የዝግጅቱ መግቢያ ሙዚቃ አለቀና ጋዜጠኛው ስለ ልጅቷ ጠየቀ። «ጎበዝ ናት ሲሉ ሰምቻለሁ» አለ የተዋናይቷ ድምፅ ከሬዲዮው፣ ሞቅ ብሎ፣ ደግ መስሎ። የልጅቷ ጉንጮች በፈገግታ ተነሡ።

«አትንቀሳቀሺ እንጂ» አለች ሜካፕ ሠሪዋ፣ እሷም ፈገግ ብላ።

ከዚያ «ግን» የሚለው መጣ፤ ከኋላውም ሳቁ። ተዋናይቷ ቀልድ ስትናገር ሳቋ ይቀድማል። ከልጅነቷ ጀምሮ እንደዚያ ናት፤ መሰላሉ ላይ ሆናም እንደዚያው ነበረች፤ ልጅቷም ይህን አሳምራ ታውቃለች።

ስለዚህ ቀልዱን ሳትጠብቅ፣ ዓይኗን እንደጨፈነች፣ አብራ ሳቀች።