ባለ ቢጫ ቀለበቷ ወፍ

ተመራማሪው ሥራ የሚገባው ደክሞት ነው። አባቱን ከአልጋ አንስቶ፣ አጥቦ፣ ጢማቸውን ላጭቶ፣ ሾርባቸውን በማንኪያ አጉርሶ ሲጨርስ የሌላው ሰው ቀን ገና ይጀምራል፤ የእሱ ግን ያለቀ ይመስለዋል። ቢሮው ገብቶ ወንበሩ ላይ ዘጭ ይላል። ከዚያ አባቱ ሲያደርጉት እንደኖሩት ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ እስክሪብቶውን ደረት ኪሱ ላይ ይሰካል፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ይሰቅላል።

«ቁርጥ አባትህን!» ይሉታል የሚያውቋቸው። ከቀኑ ውስጥ ደስ የምትለው ይህች ብቻ ነች።

የሚያጠናው ዝግመተ ለውጥን ነው። ያውም አስቸጋሪውን ጥያቄ፦ እንስሳ ራሱን ጎድቶ ሌላውን ለምን ይረዳል? ከግቢው ጀርባ ባለው ጫካ ትንንሽ ግራጫ ወፎች አሉ። አንዳንዶቹ የራሳቸውን ጎጆ መሥራት ትተው ለሌላው ጫጩት ትል ሲያመላልሱ ይውላሉ። ተመራማሪው እግራቸው ላይ የቀለም ቀለበት እያሰረ ዓመታት ተከታተላቸው። ወፎቹ የሚለፉት ለገዛ ወንድሞቻቸውና እህቶቻቸው ሆኖ ተገኘ። በእነዚያ ውስጥ የራሳቸው ደም ይቀጥላል።

«ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» ይላቸዋል ተማሪዎቹን፤ ይስቃሉ። ቀጥሎ «ግን ልጅ ከአባቱ የያዘው ነገር ሁሉ በደም የመጣ አይደለም፤ ብዙው አብሮ ከመኖር የተለመደ ነው» ብሎ ያስጠነቅቃቸዋል። ይህችን ማንም አይጽፋትም።

ያስቸገረችው አንዲት ወፍ ብቻ ነች። ባለ ቢጫ ቀለበቷ ከሁሉም በላይ ትለፋለች፤ ዝናብ እንኳ አይመልሳትም። የላቦራቶሪዋ ባለሙያ ደሟን ስትመረምር ግን ከጎጆው ባለቤቶች ጋር ዝምድና አጣችላት።

«ናሙና ተደባልቆብሽ ነው። ድገሚው» አላት ተመራማሪው።

ደገመችው። ያው ነው።

«እንደገና ድገሚው።»

«ዶክተር፣ ውጤቱን አልወደድከውም እንጂ አልተደባለቀም» አለች ባለሙያዋ፣ ጓንቷን እያወለቀች።

ወፏን ከጥናቱ አወጣት። ክርክር የሚችልበት ጉልበት አልነበረውም።

ጉልበቱን የጨረሰው ታናሽ ወንድሙ ነው። ታናሹ ሲመቸው ብርቱካን በፌስታል ይዞ ብቅ ይላል፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይጎረጉራል፣ ከዚያ ይሄዳል። ማንኪያ ይዞ አያውቅም። መልኩም ቢሆን ከማን እንደመጣ እንጃ። አባትየው ከስተው፣ ጎብጠው፣ ራሳቸው በርቷል፤ እሱ ባለ ጎፈሬ ድንቡሼ ነው።

አባትየው ታናሹን ገና ከበር ሲያዩት ይጮሁበታል። «አንተ ዝርክርክ! ጫማህን አውልቅ! ይሄን ጸጉር አትቆረጠውም?» በትልቁ ላይ ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም። ባጎረሳቸው ቁጥር እጁን ይዘው «እግዜር ይስጥልኝ፤ አደከምኩህ» ይሉታል። ተመራማሪው ልዩነቱን አስተውሏል። ልብ የገዛ ልጁን ያውቃል ብሎ አሰበ።

ደግሞ እናታቸው ልትሞት ስትል ታናሹን ብቻ ነጥላ፣ በር አዘግታ አነጋግራው ነበር። «ምን አለችህ?» ሲለው «ሆድ ይፍጀው» ብሎ አለፈ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ተመራማሪው ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠርጥሯል።

አንድ ቅዳሜ ታናሹ ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ቆመ።

«ጋሼ፣ አለቅህ እኮ። አባባን መጦሪያ እናስገባቸው።»

«አንተ ምን አገባህ?»

«እንዴት ምን አገባህ? ልጃቸው አይደለሁም?»

«እሱን እናየዋለን» አለ ተመራማሪው። «በአባባ ጉዳይ የሚወስነው የሥጋ ልጃቸው ነው። ያልሆነው ብርቱካኑን ይዞ ከዚህ ቤት ይወጣል።»

የታናሹ ፊት አመድ መሰለ።

«ተው፣ ጋሼ። እንዲህ አትበል። በእናታችን አጥንት ይዤሃለሁ፣ እንዲህ አትበል።»

ፈራ፣ አለ ተመራማሪው በልቡ። አባትየው አልጋቸው ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል።

ታናሹ ሲሄድ ተመራማሪው ወንድሙ ውሃ የጠጣበትን ብርጭቆ ጠርዝ በጥጥ ጠረገ። የአባቱን ማንኪያም እንዲሁ። ለማነጻጸሪያ ደግሞ የራሱን ጉንጭ ከውስጥ አሸው። ስም መጻፍ አፈረና ጥጦቹን የከተተባቸውን ብልቃጦች እንደ ወፎቹ ቅጽል አወጣላቸው፦ ሽማግሌው፣ ሰነፉ፣ የራሱን ደግሞ ለፊው።

«የሰው ናቸው» አላት ባለሙያዋን። «የአንድ ወዳጄ የቤት ጣጣ ነው። ሰነፉ የሽማግሌው ልጅ መሆን አለመሆኑን ብቻ ንገሪኝ።»

«ሦስቱንም አያቸዋለሁ» አለች።

በቀጣዮቹ ቀናት ለወንድሙ የሚናገረውን በልቡ ሲያጠና ሰነበተ። አይጮህም። በሩን ከፍቶ በእጁ ያሳየዋል፤ በቃ። ከዚያ በኋላ አባባን ከእሱ እጅ ማንም አይወስድበትም።

ስልኩ ሲጠራ አባቱን ምሳ እያበላ ነበር። አባትየው እንደ ልማዳቸው እጁን ያዙ።

«እግዜር ይስጥልኝ፤ አደከምኩህ።»

«ምን ማለትዎ ነው አባባ? ልጅ ለአባቱ ቢደክም ምስጋና አለው እንዴ?»

አባትየው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ማንኪያውን ሾርባው ውስጥ ትቶ ስልኩን አነሳ።

«ሰነፉ የሽማግሌው ልጅ ነው» አለች ባለሙያዋ። «ለፊው ነው እንጂ ከሁለቱም ጋር ምንም ዝምድና የሌለው፤ ይሄንንም ልድገመው?»