የጊታሩ ቦታ

ስብሐት የብርቱካን ፌስታሉን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሽመና ቤቱ ሲገባ፣ ፈለቀ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሰድዶ ጋቢ እየሸመነ ነው። ገና ሰላም ሳይባባሉ ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደርጋል። ስለሺ መንገድ ላይ ነው፤ ሲመጣ ታዲያ ስለ ሕመሙ ትንፍሽ እንዳትል ይለዋል። ሐኪሙ የነገረው ለቤተሰቡ ነው፣ ቤተሰቡ ደግሞ ከራሱ ከስለሺ ደብቆታል። ይህን ሲያወራ እግሩ መርገጫውን ያጣድፈዋል። ፈለቀ ሲዋሽ እግሩ ይፈጥናል፤ ድሮ ከነስብሐት ጋር በነበረበት ባንድ ውስጥ ድራም ሲመታም አመሉ ይኸው ነበር።

«ብዙ አይቆይም አሉ?» ይላል ስብሐት፣ በርጩማ ስቦ እየተቀመጠ።

«እሱን እግዜር ያውቃል» ይላል ፈለቀ። ይህችኛዋ እንኳን እውነት ናት።

ለስለሺም ትናንት በስልክ ያወራለት ይህንኑ ነው፤ የበሽተኛውን ስም ብቻ ቀይሮ።

ፈለቀ ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ በወሬው የታወቀ ነው። በሰማንያ ዓመተ ምሕረት የሮክ ካሴታቸውን ሲቀዱ ከድራሙ ኃይል የተነሳ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ፣ ቅጠል ለቃሚዎቹ ዳገቱን ሳይወጡ ከደጃቸው ጠረጉ እያለ ጋቢ ሊገዛ የመጣውን ሁሉ ያስቃል። እውነተኛውን ግን አያወራም። የሚቀዱበት አዳራሽ እንዳያስተጋባ ብለው ከፈለቀ አባት የተዋሱትን ጋቢ ሁሉ ግድግዳው ላይ ሰቀሉ። አንዱን ጋቢ ግን መሐል ላይ ሰቀሉት፤ ዘፋኙ ስብሐትና ጊታሪስቱ ስለሺ እንዳይተያዩ። የካሴቱ ሽፋን ላይ የማን ፎቶ ይውጣ ተባብለው ተኳርፈው ነበር። በመጨረሻው ዘፈን፣ ጊታሩ ብቻውን የሚጫወትበት ቦታ ሲደርስ፣ ስለሺ ገመዱን ነቅሎ ወጣ። ቦታው እንደ ባዶ ቤት ቀረ፤ የፈለቀ ድራም ብቻ ውስጡ እያንኳኳ።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አልተነጋገሩም። አምና ቤዝ ይጫወትላቸው የነበረውን ጀላልን ሲቀብሩ እንኳን አንዱ ከሰዉ ወዲህ አንዱ ከሰዉ ወዲያ ቆመው፣ ሳይተያዩ ተበተኑ። ፈለቀ የፈራው ያን ቀን ነው። የሚቀጥለው ቀብር ላይ አንዳቸው ቆመው፣ አንዳቸው ተኝተው ቢገናኙስ?

ስለሺ ሙዝ አንጠልጥሎ ይገባል። ስብሐት በርጩማውን ለቆ ብድግ ይላል። ተቀመጥ፣ አይ አንተ ተቀመጥ ሲባባሉ ቆይተው፣ በርጩማው ባዶውን ቀርቶ ሁለቱም ጥጥ የተሞላ ማዳበሪያ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

«አምሮብሃል» ይላል ስለሺ፣ የስብሐትን የከሳ ጉንጭ እያየ።

«አንተ ነህ እንጂ ጭራሽ ልጅ የሆንከው» ይላል ስብሐት፣ የስለሺን የተንጠለጠለ የአንገት ቆዳ እያየ።

ፈለቀ ሳቁ እንዳያመልጠው የጋቢውን ጠርዝ ይነክሳል።

ከዚያ ግን ስብሐት አንገቱን ይደፋል። «ፎቶው ያንተ መሆን ነበረበት» ይላል።

«ተወው ባክህ። እኔስ ብሆን?» ይላል ስለሺ። «ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ሰማሁት እኮ። አሁን ልመለስ፣ አሁን ልመለስ ስል ዘፈኑ አለቀ።»

«እኔም ጋቢውን ገልጬ አይቻለሁ» ይላል ስብሐት። «ተመልሰህ እንደሆነ ብዬ።»

ፈለቀ ጋቢውን ከጥርሱ ያላቅቃል። ሳቁ የት እንደገባ እንጃ። እሱ ያን ጊዜ ዓይኑ ድራሙ ላይ ነበር፤ ይህን አላየም።

ስብሐት ብርቱካን ልጦ ለስለሺ ይሰጠዋል። ስለሺ ደግሞ ሙዝ ገንጥሎ ስብሐት እጅ ላይ ያኖራል።

«አንተ ብላ፣ ጉልበት ይሆንሃል።»

«ለኔ ምን ያደርግልኛል? ይልቅ አንተ ብላ።»

«ለምን እኔ?»

ፍሬውን እንደያዙ ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ ፈለቀ ይዞራሉ። የፈለቀ እግር ይከንፋል።

«ፈለቀ» ይላል ስብሐት። «የታመመው ማነው?»

የፈለቀ እግር ይቆማል። «እስከ ዛሬ ማንም አልታመመም።»

ስለሺ ብርቱካኑን ለስብሐት መልሶ ይነሳል። ኮቱን እየቆለፈ ወደ በሩ ይሄዳል። ፈለቀ ከጉድጓዱ ዘሎ ሊይዘው አይችልም፤ እጁን ዘርግቶ አጠገቡ ያለውን ቴፕ ብቻ ይጫናል። ካሴቱን ጠዋት ነው ያዘጋጀው። የወጣቱ ስብሐት ድምፅ ከካሴቱ ሹክሹክታ ውስጥ ይወጣል፤ የወጣቱ ስለሺ ጊታርም ከሥሩ ይከተላል።

ስለሺ በሩ ላይ ጀርባውን እንደሰጠ ይቆማል። ዘፈኑ ያቺ ባዶ ቦታ ላይ ሊደርስ ሲል ይመለሳል። በፈለቀ ፊት ድሩ እስከ ግድግዳው ድረስ ተወጥሯል። ሌላ ቀን ያን ድር የነካ ሰው ስድቡ እስከ እንጦጦ ይሸኘዋል፤ ዛሬ ፈለቀ እጁን አንስቶ ቦታ ይለቅቃል። ካሴቱ ውስጥ ጊታሩ ይጠፋል። ስለሺ በርከክ ብሎ በግራ ጣቶቹ የድሩን ክሮች እንደ ጊታር ይጫናል፣ በቀኙ ይመታል።

ከክሮቹ ምንም ድምፅ አይወጣም። ድራሙ ብቻ ያንኳኳል። ስብሐት የተላጠውን ብርቱካን እንደያዘ አጠገቡ ይንበረከካል፤ ጆሮውን ወደ ክሮቹ አስጠግቶ፣ ለመዝፈን አፉን ገርበብ አድርጎ፣ ጣቶቹ እስኪጨርሱ ይጠብቃል።