ሦስተኛው እስኪመጣ

ቀለም ቀቢው የሟች ጓደኛውን ማስነጠስ ለለቀስተኞቹ ሊያሳይ ተነስቶ ወደ ጣሪያው አንጋጠጠና ዓይኑን ጨፈነ። «መሰላል ላይ ሆኖ ሁለቴ አከታትሎ ያስነጥስና ዝም ይላል። እኛ ታች ሆነን መሰላሉን ጥብቅ አድርገን እንይዛለን። ትልቁ፣ ሦስተኛው ሳይመጣ ማን ይለቃል?» ቤቱ በሳቅ ሞላ። የሟች ልጅ እንባዋን እየጠረገች፣ «እማዬስ ብትሆን፣ ሦስቱንም ሳይጨርስ መች ይማርህ ትለዋለች? በችርቻሮ አልመርቅም ነበር የምትለው» አለች። ሁሉም ወደ ሶፋው ጥግ ዞሩ። እናቷ ግን ባዶ ብርጭቆ በሁለት እጃቸው አቅፈው ወለል ወለሉን ያያሉ። ከቀብሩ ወዲህ ቃል ከአፋቸው አልወጣም።

ይሄኔ ጓዳ የተኛችው፣ ገና አፍ ያልፈታችው የልጅ ልጃቸው አስነጠሰች። ወዲያው ደገመች። ቀለም ቀቢው ሊቀመጥ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ልጅቷ ወደ ሕፃኗ ልትሄድ ብድግ ስትል እናቷ ቀና ብለው ቀሚሷን ያዙ፤ ጆሯቸውን ወደ ጓዳው በር አዘነበሉ። ጓዳው ዝም እንዳለ ቆየና ሰዉ ተስፋ ሲቆርጥ፣ የአተር ፍሬ ከምታክል አፍንጫ ይወጣል ተብሎ የማይገመተው ሦስተኛው መጣ።

እናትም ብርጭቆውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ይማርሽ፣ የኔ እመቤት» አሉ፣ በሻከረ ድምፅ።

ሕፃኗ መመለስ አትችልምና፣ ቤቱ ሙሉ ተቀብሎ በእሷ ፈንታ «ያኑርዎ» አላቸው።