ገጽ ሰባት

«ጡረታ ሳይደርሱ የጡረታ ቁጠባቸውን የሚያወጡ ሠራተኞች» ትላለች ልጄ፣ ወረቀቷን ይዛ በሁለቱ አልጋዎች መሀል ቆማ፣ «በአብዛኛው ትዕግስት የለሾች ናቸው።»

ካውያዬ ኮሌታው ላይ ይቆማል። ይሄን ኮት ነገ ሕግ አውጪዎቹ ፊት ለብሳው ትቀርባለች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ንግግር ሲኖራት እኔ ልብሷን ስተኩስ እሷ ፊቴ ቆማ ትለማመዳለች። የኢኮኖሚክስ ዶክተር ሆናም አልተወችውም።

«እነማን ናቸው ትዕግስት የለሾቹ?»

«የሠላሳ አምስት ዓመት መዝገብ አገላብጬ አራት ሺህ ሠራተኞች አጥንቻለሁ እማዬ። ሴቶቹ ደግሞ ይብሳሉ፤ ሰንጠረዡ ገጽ ሰባት ላይ አለ። ስለዚህ ሕጉ በሩን ይዝጋው ነው የምለው። ለራሳቸው ሲባል፣ ሲያረጁ ባዶ እጃቸውን እንዳይቀሩ።»

ለራሳቸው ሲባል! ደሜ ፈላ። ሠላሳ አራት ዓመት በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል የሰው አንሶላ ስተኩስ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ያልሰማሁት ስድብ የለም። እንዲህ በተማረ አፍ የተሰደብኩት ግን ዛሬ ነው፣ ያውም በወለድኳት።

«የእኛ ሆስፒታል አለበት?»

«አለበት። ስም ግን የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው።»

«እንግዲያው አንዱ ቁጥር እኔ ነኝ።»

ትስቃለች። የምቀልድ መስሏታል። ፊቴን ስታይ ሳቋን ትውጠዋለች።

«አንቺ አውጥተሻል? መቼ?»

«መቼውን ተዪው። ለምን እንዳወጣሁ መዝገቡ ላይ ተጽፏል?»

«ምክንያት አይጻፍም» ትላለች፣ ድምጿ ወርዶ።

«ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ሲባል አልሰማሽም? አራት ሺህ ሰው ቆጥረሽ አንዱን እንኳ ለምን ብለሽ አልጠየቅሽም? ስሚ እንግዲህ። አንቺን አርግዤ እንፋሎቱ ሁለቴ ራሴን አሳተኝ። ሐኪሙ ከዚያ ክፍል ውጪ አለኝ። አለቃው ደግሞ ካልሠራሽ ደሞዝ የለም አለ። አባትሽም ያኔ ከሥራ ወጥቷል። አወጣሁ። በላሁት። አዎ፣ በላሁት! አንቺም ሆዴ ውስጥ ሆነሽ አብረሽኝ በላሽው።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ...»

«ትዕግስት የለሽ ትለኛለች! እኔ ዘጠኝ ወር ልጠብቅሽ አርፌ ተቀምጬ ነበር። በስምንተኛው ዱብ ያልሽው አንቺ ነሽ። በዚህ ቤት ችኩል ማን እንደሆነ ይታወቃል።»

ሳቅ ያመልጣታል። እኔ ግን አልስቅላትም። ማጠቢያ ክፍሉ በእኔ ቦታ የገባችው ልጅ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ባለፈው ሳምንት እዚሁ አልጋ ላይ ተቀምጣ የቁጠባዋን ማውጫ ማመልከቻ አብረን ሞልተናል። በሩ ከተዘጋባት ወይ እንፋሎቱ ውስጥ ትቆማለች፣ ወይ ጾሟን ታድራለች። ይሄንንም አንድ ሳላስቀር ለልጄ እነግራታለሁ።

ልጄ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ወረቀቷን ታገላብጣለች።

«ንግግሩ እኮ ነገ ጠዋት ነው» ትላለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለወረቀቱ።

«አውቃለሁ። ኮቱን የምተኩሰው ለዚያ አይደል?»

ካውያውን ከሶኬቱ እነቅላለሁ። ኮሌታው አልቋል፣ ጀርባው አልቋል፣ ቀኝ እጅጌው አልቋል። ኮቱን ጭኗ ላይ አኖርላታለሁ።

«ግራውን ራስሽ ተኩሺው። እኔ ትዕግስት የለኝም።»

ካውያው ገና ትኩስ ነው። እሷ ግን እጇን የምትሰደው ወደ እርሳሷ ነው። ገጽ ሰባትን ታወጣና ጭኗ ላይ፣ የተጨማደደው እጅጌ ላይ ትዘረጋዋለች።