ማገዶ ቆጣቢዋ

ገዛኸኝ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ለገበሬዎች ያከፋፈለው ፕሮጀክት ባለሙያ ነው። መንደሩ ማገዶ በቀነሰ ቁጥር ወደ ሰማይ ሳይወጣ ለቀረው ጭስ ለፕሮጀክቱ ገንዘብ የሚከፍል የውጭ ኩባንያ ነበር። የዞረባቸው ቤቶች ግን ሁሉም እንደ ድሯቸው ነበር የሚያነዱት። ለአለቃው ምን እንደሚል ጨንቆታል።

በመጨረሻ ወይዘሮ ይርገዱ ቤት ገባ። ባለፈው ሳምንት መዝኖ የተወውን የእንጨት ክምር መልሶ ቢመዝነው ሁለት ኪሎ እንኳን አልጎደለም። ዓይኑን ማመን አቃተው።

«እርስዎማ ከወረዳው አንደኛ ነዎት! እስቲ ምስጢሩን ይንገሩን» አላት።

ይርገዱ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። «ምድጃው ነዋ፣ ጌታዬ። እግዜር ይስጣችሁ።»

«በሉ ድስት ይጣዱና እሳት ያንድዱ፤ ፎቶ ላንሳዎት።»

«ዛሬ ይቅርብኝ፣ በሞቴ።»

«ላንድ አፍታ ነው! ፎቶው እኮ ውጭ አገር ድረስ ነው የሚሄደው።»

እንግዳ ማሳፈር ከበዳት። ድስቱን ውኃ ሞልታ ጣደችና እሳቱን አቀጣጠለች። ጭሱ ገና በጣሪያው ሾልኮ ብቅ ከማለቱ ሦስት ልጆቿ ከጎረቤት ግቢ እየሮጡ መጡ፤ ሳህኖቻቸውን ከመደርደሪያው አውርደው ምድጃውን ከበቡት።

«እማዬ፣ ዛሬ ልንበላ ነው?» አለች ትንሿ።

ይርገዱ ውኃውን ማማሰል ጀመረች።

ገዛኸኝ ድስቱ ውስጥ አየ። ልጆቹን አየ። ከዚያ ካሜራውን አነሳ።

«ልጆች፣ ወደ እናታችሁ ጠጋ በሉ» አለ፤ «ፈገግ!»